በር የሌለው ሰው

ቂርያት ጋት፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ ሊፍቱ ከቆመ ወር ሆኖታል፤
አባቴ እርከኑን እየቆጠረ ይወጣል፣ ያርፋል፣ ይሳደባል።
እኔ ከማተሚያ ቤቱ ፈረቃ ደክሞኝ ስመለስ
ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሰው እፈጥራለሁ፣ በእርሳስ።

ስሙ ድንበሩ ነው። ቁመቱ የስልክ እንጨት፣
ደረቱ ማዕበል የማይነካው ዓለት፤
ጦር ቢወረውሩበት ጦሩ ይታጠፋል፣
ጎራዴው ይዶለዱማል፣ ጥይቱ ቆዳው ላይ ተንሸራቶ ያልፋል።
ስድስት ምዕራፍ ጻፍኩለት፤ በስድስቱም አሸነፈ፤
በስድስተኛው ግን እኔው አዛጋሁ፣ እጄ ሰነፈ።

አባቴ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰክቶ አነበበው፤
ጣቱን እንደ ወስፌ ገጹ ላይ ተከለው።
«ይሄ ሰውዬ» አለኝ፣ «በሩ የት ነው?»
«የምን በር?»
«ሰው ቤት ነው፤ ጦር እንግዳ ነው፤
በር የሌለው ቤት መቃብር ነው።»

ጦርን ያውቃል። አርማጭሆ ሳለ ወናፍ እየነፋ፣
ካረጀ ማረሻ የጦር ምላስ ሲያወጣ ጉልበቱ ጠፋ።
ገበያ ወርደው ይገዙት ነበር፣ ስለቱን በጥፍር እየሞከሩ፣
ጦሩን ሳይፈሩ፣ የሠራውን ሰው ዓይን እየፈሩ።
«ቡዳ ነው፣ ሲያይ ይወጋል» እያሉ፣ ልጃቸውን በነጠላ ሸፍነው፣
ብረቱን ተሸክመው ሄዱ፣ ዓይኑን ከሰው።

«ስሚ፤ ብርቱ ሰው ሲወጋ መጀመሪያ የሚያመው ሥጋው አይደለም፤
መገረሙ ነው። ‹እኔን?› ይላል። ከዚያ ነው የሚፈሰው ደም።
ደካማማ መወጋትን ያውቀዋል፣ ከልጅነቱ ለምዶታል፤
ጀግና ግን ቁስሉን በማያውቀው ቋንቋ እንደተጻፈ ደብዳቤ አገላብጦ ያየዋል።
ፊቱ የሚታይሽ ያኔ ነው፤ እስከዚያ ያየሽው ጋሻውን ነው።»

ተናደድኩ። ግትር ነኝ፣ የቀጥቃጭ ልጅ፤
ሰባተኛውን ምዕራፍ ጀመርኩ፤ ጠላት አሰለፍኩ ከተራራው እስከ ደጅ።
ጦሩ ሳይወረወር ድንበሩን ትኩሳት ያዘው፤
እንደ ማንኛችንም፣ ጥርሱን እያፋጨ፣ አንቀጠቀጠው።
ሐኪም ጠራሁለት፤ መርፌው ቆዳው ላይ ተቆለመመ፤
ሌላ መጣ፣ ወፍራም፤ እሱም እንደ ሳር ዘመመ።
መድኃኒቱ ብልቃጡ ውስጥ፣ ከክንዱ አንድ ስንዝር ርቆ፣ ዝም ብሎ ያያል፤
ያ ሁሉ ጦር ያልገባበት ሰው አንዲት ጠብታ መግቢያ አጥታ ይሞታል።
እርሳሴን አስቀመጥኩ። ከታች የቆሻሻው መኪና
ወደ ኋላ ሲሄድ ይጮኻል፣ ያለ ፋታ፣ እንደገና፣ እንደገና።

ጠዋት ኩፓት ሆሊም። ተራ ቁጥር አርባ ሰባት።
ነርሷ ሉድሚላ የአባቴን ክንድ መታ መታ አድርጋ ደም ሥር አጣችበት።
«ደም ሥሮችህ ይደበቃሉ፣ ጀንበሩ» አለች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።
ተረጎምኩለት። ሳቀ።
«ንገሪያት፤ ሱዳን ጠረፍ ላይ ነው የተማሩት፣ ቀን ተኝተን ሌሊት ስንጓዝ፣ እስኪነጋ።»

ማታ፣ ከእራት በፊት፣ ሸሚዙን እስከ ደረቱ ሰበሰበ፤
የኢንሱሊኑን ብዕር አዙሮ፣ ቁጥሩን በብርሃን አነበበ፤
ከእምብርቱ ሁለት ጣት ወዲህ ሆዱን ቆነጠጠ።
«ይኸው በሩ» አለኝ፣ ዓይኑ ወደኔ አፈጠጠ።
«ከእናት የተወለደ ሁሉ እዚህ ጋ አንዴ ተቆርጧል፤
ቋጠሩት እንጂ ማን ዘግቶታል?»
ቅጭ አለ። እንደ ደረጃው፣ ቀስ ብሎ፣ እስከ አሥር ቆጠረ።
ቅንድቡ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።
ሸሚዙን መለሰ። ዳቦ ቆረሰ።

ተነሥቼ ወደ ወረቀቴ ሄድኩ። ድንበሩ እንደተኛ ነው፤ ከንፈሩ ደርቋል።
ስድስት ምዕራፍ ሙሉ፣ ለካ፣ እናት አልሰጠሁትም፤
ማን እንደወለደው አልጠየቅኩም።
ሆዱ መሃል ላይ፣ በእርሳሴ ጫፍ፣ አንዲት ነጥብ አሳረፍኩ፤
እጄ ከብዶኝ ይሁን፣ ወይ የአባቴ እጅ ሆኖብኝ፣ ወረቀቱን በሳሁ።
በቀዳዳው በኩል ከሥሩ ያለው የመብራት ሒሳብ ታየኝ፤

ድንበሩ ዓይኑን ገለጠ፣
ወደ ሆዱ ተመለከተ፣

«እኔን?» አለኝ።